አሮጌ ጌም በአዲስ ማሽን፦ የአዳማ ጌም ቤቶች ቱርጁማን

አዳማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ጌም ቤት ወዲያው ወደ ጨዋታ አይመለስም። በቅርቡ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ተቀምጬ ይህንኑ አየሁ። መብራቱ መጣ፤ ልጆቹ ጆይስቲካቸውን አነሡ። ባለቤቱ ግን «ቆይ፣ እንዳትነኩ» እያለ ከማሽን ማሽን ዞረ። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የመመሪያ ገጽ ከፈተ፣ ፍላሽ ሰካ፣ መልእክት እስኪመጣ ጠበቀ፣ ፍላሹን ነቀለ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ። አንደኛው ማሽን ሁለቴ ደርቆበት እንደገና ከዜሮ ጀመረ። አራቱም ተነሥተው እስኪያልቁ ሩብ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ታዳጊዎች በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የከፈቱት ጨዋታ የፕሌይስቴሽን 2ቱ የእግር ኳስ ጨዋታ ፔስ 6 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ከሁለቱም ዕድሜ የሚበልጥ ጨዋታ።

ያ ሩብ ሰዓት ብዙ ነገር ያስጠይቃል። ከፕሌይስቴሽን 2 በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያለው ማሽን የታላቅ ወንድሙን ጨዋታ ለማጫወት ለምን ሠሪው ሶኒ የቆለፈበት መከፈት ያስፈልገዋል? መብራት በጠፋ ቁጥር ለምን እንደገና ይቆለፋል? ከተከፈተስ በኋላ፣ የሚጫወቱት ጨዋታ እኛ ያኔ የተጫወትነው ራሱ ነው ወይ? ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እሄድባቸዋለሁ። ጉዳዩ ለእኔ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአዳማ ልጅ የልጅነት ትዝታ ግማሹ ያለው እነዚያ ማሽኖች ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉልበት ሳይሆን ቋንቋ

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ 1994 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ልቡ 33.8688 ሜጋኸርዝ፣ ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ነበር። በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ወደ 294 ሜጋኸርዝና 32 ሜጋባይት አደገ። ያኔ ጌም ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ፕሌይስቴሽን 2 የአንደኛውን ሲዲ ያለ ምንም ማቅማማት ይቀበል ነበር። ምሥጢሩ ቀላል ነው። የሶኒ መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር አዲሱ ማሽን ውስጥ አስቀርተውት ነበር። በአዘቦቱ ቀን ከጆይስቲክና ከሜሞሪ ካርድ የሚመጣውን መልእክት ያመላልሳል፤ የድሮ ሲዲ ሲገባ ደግሞ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ማንም ለማንም አይተረጉምም፤ ራሱ ባለቤቱ ነው የሚናገረው።

በኅዳር 2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3ም በዚያው መንገድ ነበር የጀመረው። በጃፓንና በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጡት ባለ 20 እና ባለ 60 ጊጋባይት ማሽኖች የፕሌይስቴሽን 2ን ሁለት ዋና ቺፖች በሆዳቸው ይዘው ነበር። ባለ 60ው በ599 ዶላር ሲሸጥ ሶኒ እንዲያም ሆኖ ይከስርበት ነበርና ቺፖቹ ቀስ በቀስ ወጡ። በ2007 መጋቢት አውሮፓ የደረሰው ግማሹን ብቻ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ባለ 40 ጊጋባይት ከነጭራሹ የለውም። ዛሬ አዳማ ውስጥ የሚዞሩት ፕሌይስቴሽን 3ዎች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የመጡት ናቸው፤ የአንደኛውን ሲዲ ያጫውታሉ፣ የሁለተኛውን ግን አያውቁትም።

በ2013 የመጣው ፕሌይስቴሽን 4 ከዘሩ ጭራሽ ተለየ። ውስጡ እንደ ኮምፒውተራችን ያለ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት፣ የፕሌይስቴሽን 2ን 256 እጥፍ። ነገር ግን ሲዲ የሚባል ነገር ጨርሶ አያነብም፤ የዘፈን ሲዲ እንኳ ብታስገቡለት ይተፋዋል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጨዋታ በሲዲ የተሸጠ ስለሆነ በሩ ገና ከደጃፉ ዝግ ነው።

ጉልበቱ ካለ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ቋንቋ ነው። አዳማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ገበያ ላይ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ሲከራከሩ መሀል ገብቶ የሚያስማማ ሰው አይጠፋም። ኢሙሌተር የሚባለው ሶፍትዌር እንደዚያ ያለ ቱርጁማን ነው። አሮጌው ጨዋታ «ይህን ሥዕል እዚህ አኑር፣ ይህን ድምፅ አሁን አሰማ» እያለ በዱሮው ቺፕ ቋንቋ ያዝዛል፤ ቱርጁማኑ ይሰማና ለአዲሱ ቺፕ በሚገባው ቋንቋ ያስተላልፋል።

የገበያው ቱርጁማን ግን ጊዜ አለው፤ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል። የጨዋታው ቱርጁማን የለውም። በሰከንድ 60 ሥዕል በሚያሳይ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 17 ያህሉ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ደግሞ አንድ ተናጋሪ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ ዋናው ፕሮሰሰር፣ ሁለት የሒሳብ ረዳቶቹ፣ የሥዕል ቺፑ፣ የድምፅ ቺፑና ያ የድሮው ፕሮሰሰር ሁሉም እኩል ያወራሉ። ያኔ የነበሩ ፕሮግራመሮች ከማሽኑ የመጨረሻዋን ጠብታ ለመጭመቅ ሲሉ የአንዱ ንግግር የሌላው ላይ መቼ እንደሚደርስ ቆጥረው ነው የጻፉት። ቱርጁማኑ አንዷን ቃል ቢያዘገይ ተጫዋቹ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ የኮሜንታተሩ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ወይም ጨዋታው ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ 256 እጥፍ ሜሞሪ ያለው ማሽን አንዳንድ ጨዋታ ላይ ሲደናቀፍ ብታዩ አትገረሙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እኔንም ሳውቀው አስገርሞኛል። ቱርጁማኑን መጀመሪያውኑ የሠራው ሶኒ ራሱ ነው። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የተመረጡ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎችን በመደብሩ ይሸጥ ነበር፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ። እነዚያ ጨዋታዎች የሚሠሩት በሶኒ ኢሙሌተር ነው። ቱርጁማኑ የድሮውን ቋንቋ ይችላል፤ እንዲተረጉም የተፈቀደለት ግን ከመደብሩ ለተገዛ ጨዋታ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያሉት ልጆች ፔስ 6ን የተጫወቱት ለዚሁ ቱርጁማን ሌላ ጨዋታ አቅርበውለት ነው።

ቁልፉ እንዴት ተሰበረ

የመቆለፊያው ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲዲ ውስጠኛ ክበብ ላይ መስመሩ ሆን ተብሎ በትንሹ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነበር። ውዝዋዜው አራት ፊደላት ይናገራል፤ ዲስኩ የጃፓን፣ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ መሆኑን ለማሽኑ የሚነግሩ ናቸው። ተራ የሲዲ መቅጃ ያንን ውዝዋዜ መሥራት ስለማይችል የተቀዳ ሲዲ አይነሣም። ጥገና ቤቶች ይበይዱት የነበረው ቺፕ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ ሲዲው መናገር ያቃተውን አራት ፊደል በእሱ ፋንታ መናገር። «ቺፕ ያለው ነው?» የሚለው ጥያቄ ፕሌይስቴሽን ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የነበረው ለዚህ ነው።

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን መጨረሻ ብየዳም ቀረ። በ2008 ፍሪ ማክቡት የተባለ ሶፍትዌር ወጣ፤ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ሲነሣ ከካርዱ ላይ ያነሣዋል፣ ከዚያ ጨዋታን ከፍላሽ፣ ከሀርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር የሚያስጀምረው ኦፕን ፒኤስ ቱ ሎደር ይከፈታል። ይህ ለአዳማ ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱም እዚህ የፕሌይስቴሽን 2 ቀንደኛ ጠላት አቧራ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው ነፋስ፣ በዳርቻዋ 51 እና 153 ሜጋዋት አቅም ያላቸውን ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ያስተከለው ያው ነፋስ፣ በበጋ ወራት አቧራውን እየተሸከመ በማሽኑ ማራገቢያ ቀዳዳ ይገባል። ሌንሱ ይጨልማል፣ ዲስኩ ይጫጫራል፣ ባለቤቱ ማሽኑን አንዴ በጎኑ አንዴ በግንባሩ እያስቀመጠ «ዛሬስ ያንብብልኝ» ይላል። ጨዋታው ወደ ፍላሽ ሲሄድ ሌንስ ቢሞት ማሽኑ አይሞትም። ብዙ ፕሌይስቴሽን 2ዎች እስካሁን በሕይወት ያሉት በዚህ ነው።

የፕሌይስቴሽን 3 መቆለፊያ አሰባበር ግን የሁሉም አስደናቂው ነው። ሶኒ እያንዳንዱን ሶፍትዌር በምሥጢር ቁልፍ ይፈርም ነበር፤ ማሽኑ ፊርማውን ሳያረጋግጥ ምንም አያስነሣም። የፊርማው ሒሳብ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፦ በፈረምክ ቁጥር አዲስ፣ ማንም የማይገምተው ቁጥር መጠቀም አለብህ። ሶኒ ሁልጊዜ አንዱን ቁጥር ነበር የሚጠቀመው። አንድ ቁጥር ሁለት ፊርማ ላይ ከተደገመ የተቀረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ ነው፤ ሁለት እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቀ፣ ምሥጢሩ ቁልፍ ይወጣል። በታኅሣሥ 2010 በርሊን ላይ በተካሄደ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ፌይልኦቨርፍሎው የሚባል ቡድን ይህን በአደባባይ አሳየ። ጆርጅ ሆትዝ የተባለ አሜሪካዊ በጥር 2011 ዋናውን ቁልፍ በኢንተርኔት ለቀቀው፤ ሶኒ ከሰሰው፣ በሚያዝያ መስማማታቸው ተነገረ። ቀድሞ የተሸጡ ማሽኖች ግን ከእንግዲህ መልሰው አይቆለፉም ነበር። ወፍራሞቹና የመጀመሪያዎቹ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 3ዎች ሶፍትዌራቸው ጠቅላላ ተተክቶ ለሁልጊዜው ይከፈታሉ። መሠረቱ ተቀይሮ የተሠሩት የኋለኞቹ፣ በተለይ ክዳኑ ወደ ጎን የሚንሸራተተው ሱፐር ስሊም፣ በጊዜያዊ መንገድ ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ በተነሡ ቁጥር እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል።

የመብራቱ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 መክፈቻዎች በተግባር ጊዜያዊ ናቸው። በሶፍትዌሩ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ገብተው ሜሞሪ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሜሞሪው ይጠፋል፣ ማሽኑም ሶኒ እንደፈጠረው ሆኖ ይነሣል። ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት በተወሰኑ የሶፍትዌር ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው፤ በ2018 5.05፣ በ2021 መጨረሻ 9.00፣ በ2024 እስከ 11.00። ጌም ቤቱ ውስጥ የፍላሹን መሰካትና መንቀል ያየሁት የ9.00ውን መንገድ ነው። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከሀርድ ዲስኩ በፊት የሶፍትዌሩን ቁጥር ቢጠይቅ ይሻላል፤ ሻጩ በበጎ ፈቃድ «አፕዴት አድርጌልሃለሁ» ካለ የተከፈለበት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በማረፊያ ሁኔታ ላይ ሲሆን መክፈቻው አብሮ ይቆያል። ስለዚህ ለአዳማ ጌም ቤት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ከአራተኛ ጆይስቲክ በላይ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

(መክፈት ጥፋትን ብቻ እንደማይወልድ ለማሳየት፦ በብዙ ቤት ቲቪ ቦክስ ላይ ያለው ኮዲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የተወለደው በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ፣ በተከፈቱ ማሽኖች ውስጥ ነው። ስሙ ያኔ ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር ነበር።)

በትርጉም የሚቀረው

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ከባዱ ነው። ጨዋታው ያው ነው ወይ?

በመልኩ የተሻለ ነው። የድሮዎቹ ማሽኖች ምልክት የተሠራው ከኋላው ለሚወፍረው ቴሌቪዥን ነው። ዋናውን ፕሌይስቴሽን 2 በሦስቱ ባለ ቀለም ገመዶች ከዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ስታገናኙት ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ምልክቱን በትክክል ስለማይረዱት ለማስተካከል ሲባዝኑ ያዘገዩታል ደግሞ። አዲሱ ማሽን በኤችዲኤምአይ ያስተካከለውን ይልካል፤ የማሊያው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል።

እጅ ላይ ግን ሌላ ነው። ቱርጁማኑ የራሱን ጊዜ ይወስዳል፣ ገመድ አልባው ጆይስቲክ የራሱን፣ ቴሌቪዥኑ የራሱን። ለብቻቸው ምንም አይደሉም፤ ተደምረው ግን ሹት የተጫነበትና ኳሱ የሚመታበት ጊዜ መሀል ክፍተት ይፈጥራሉ። የድሮ ተጫዋቾች «ጆይስቲኩ ይከብዳል» ሲሉ ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ በጣታቸው የቆጠሩት ጊዜ ነው የተዛባው። ቢያንስ የቴሌቪዥኑን ድርሻ መቀነስ ይቻላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ጌም ሞድ የሚለውን ማብራት በቂ ነው። ይህን ያላደረገ ጌም ቤት ሞልቷል።

የፍጥነቱም ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያኑ የእኛም የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነበር፤ በሰከንድ 50። የጃፓንና የአሜሪካ 60። ብዙ የአውሮፓ ቅጂዎች በዚያ ልክ ሳይስተካከሉ ስለወጡ ከወንድሞቻቸው አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገዩ ነበር። በሰፈራችን ሜኑው በጃፓንኛ የተጻፈ ዊኒንግ (የፔስ የጃፓን ስሙ ነው) የሚወድና እንግሊዝኛውን የሚወድ ሁለት ጎራ ነበር፤ የጃፓኑ ይፈጥናል እያልን ስንከራከር ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማናችንም አናውቅም ነበር። ዛሬ ኢሙሌተር ላይ የአውሮፓውን ቅጂ በግድ ወደ 60 ሲያስገቡት ጨዋታው ከሚገባው በላይ ሊሮጥ ይችላል። የትኛው ቅጂ እንደተጫነ ሳያዩ «ኢሙሌተሩ አበላሸው» ማለት ቱርጁማኑን ያለጥፋቱ መውቀስ ነው።

ጭራሽ የማይተረጎምም አለ። የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ ቁልፎች ምን ያህል እንደተጫኑ ይለዩ ነበር። ግራን ቱሪስሞ 3 ላይ ጣትህን በስሱ ስታሳርፍ መኪናው በስሱ ይሄዳል፣ ስትጫን ይፈተለካል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ያ ስሜት የለውም፤ የፊት ቁልፎቹ የሚያውቁት ተጫንኩ ወይም አልተጫንኩም ነው። ያን ጨዋታ በዚህ ጆይስቲክ የሚጫወት ልጅ ጨዋታው ያን ያህል ለስላሳ እንደነበር በምንም አያውቅም።

ዋናው ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ያሉ ሰዎችም አንድ የሚያታልላቸው ነገር አለ። ጨዋታውን በፍላሽ ሲያጫውቱ የመግቢያ ቪዲዮው ይንቀረፈፋል፣ የኮሜንታተሩ ድምፅ ይዘገያል። ፍላሹ ነው ብለው አዲስ፣ ውድ ፍላሽ ይገዛሉ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የመሰኪያው ነው። የማሽኑ ዩኤስቢ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ በሰከንድ ቢበዛ 12 ሜጋቢት፣ ማለትም 1.5 ሜጋባይት ብቻ ያሳልፋል። የራሱ ዲቪዲ ማንበቢያ ከዚያ ሦስት እጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር። መፍትሔው በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ማጫወት፣ ወፍራሙ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ከኋላው ሀርድ ዲስክ መግጠም ነው።

ሕጋዊው በር የት ነው?

«ለምን አትገዙም?» የሚል አለ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የጨዋታ ሠሪዎች ላብ ነው፤ የላባቸውን ዋጋ ማግኘት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ጥያቄውን ከአዳማ ሆነን እንየው። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚመጣው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ የሚገባ፣ ከዚያ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ ካርድ ከሰው ላይ የሚገዛ ይኖራል፤ ያ ሰው ከፋይ ሆኖም ሕጋዊ ደንበኛ አልሆነም። በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተተመነ ነገር ሁሉ ከጌም ቤት ገቢ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለም።

በሩ ያላቸውም ቢሆኑ ከፍተው ሲገቡ መደርደሪያው ባዶ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከወጡት የድሮ ጨዋታዎች 87 ከመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። መደብሮችም ይዘጋሉ። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን መደብር ሊዘጋ አስታውቆ ከተጫዋቾች በመጣበት ተቃውሞ ወደኋላ አለ። ኒንቴንዶ የዊ ዩን እና የ3ዲኤስን በመጋቢት 2023 ዘጋ፤ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን በሐምሌ 2024። ኳስ ጨዋታ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የክለቦችና የተጫዋቾች ስም ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ ጨዋታው ከሽያጭ ይወጣል። ፔስ 6ን ዛሬ ከሠሪው መግዛት አይቻልም፣ ኒውዮርክ ብትሆኑም።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ተለይቶ መታየት አለበት። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም። በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኩባንያ በከሰሰበት ጉዳይ፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታ በማኪንቶሽ የሚያጫውተው ሶፍትዌር ሕጋዊ ነው ብሏል። ሶኒ በማግሥቱ ዓመት ምርቱን ራሱ ገዝቶ ከገበያ አወጣው። ጨዋታውን መቅዳትና ማከፋፈል ግን ሌላ ነው። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሕጋዊ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያደርግም ይፈቅዳል። ዲስኩን የገዛ ሰው ጨዋታውን አውጥቶ ሀርድ ዲስክ ላይ ቢያኖር የቆመበት መሬት አለው። በሰዓት የሚያስከፍል ጌም ቤት ከማያውቀው ሰው ባመጣው ሀርድ ዲስክ ሲሠራ ያ መሬት ከሥሩ የለም። ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። የምለው፣ ሕጋዊ በር ሳይኖር የተቆለፈ በር ብቻ ካለ ሰው የሚለምደው በአጥር መዝለልን ነው፤ በሩን መክፈት ደግሞ የሻጮቹ ድርሻ ነው። እንደሚቻል ማይክሮሶፍት አሳይቷል፤ ከ2015 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የድሮ ጨዋታዎችን በአዲስ ማሽኖቹ ላይ አስነሥቷል፣ የድሮ ዲስክ ያለው ሰው ሁለተኛ ሳይከፍል።

8 ሜጋባይት

ስለ ማቆየት ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ጨዋታውን ነው። እኔ ግን ስለ ጨዋታው ብዙም አልሰጋም፤ ፔስ 6 በዓለም ላይ ስንት ሺህ ሀርድ ዲስክ ላይ አለ። የምሰጋው አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ሜሞሪ ካርዱ።

የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤት ፔስን እንደመጣ አላጫወተንም። ሊቨርፑል በጨዋታው ውስጥ «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር የሚባለው፤ ፈቃድ ስላልነበራቸው። እሱ ሌሊት ቁጭ ብሎ በጆይስቲክ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሞቹን አስተካከለ። ከዚያ አላቆመም። ማንም የማይመርጠውን አንድ ቡድን ወስዶ አዳማ ከተማ አደረገው፤ ተጫዋቾቹን በሰፈር ልጆች ስም ሰየማቸው፣ ቁመታቸውን ሳይቀር አስተካከለ። የረጅሙ ልጅ ረጅም ነው፣ በግራ የሚመታው በግራ ይመታል። የራሳችንን ቡድን ይዘን ከባርሴሎና ጋር እንጋጠም ነበር። ያ ሁሉ ሥራ የተቀመጠው 8 ሜጋባይት በሚይዝ አንድ ጥቁር ካርድ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ካርድ በአዳማ ብቻ ስንት ይኖራል? ፍራንኮ፣ መብራት ኃይል፣ ቦኩ፣ ጌም ቤት ያልነበረበት ሰፈር የለም። ቤቶቹ ሲዘጉ ማሽኖቹ በመለዋወጫ ዋጋ ተሸጡ፣ ካርዶቹ ከገመድ ጋር ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ቀሩ። ካርድ ደግሞ ለዘላለም አይኖርም፤ ብዙዎቹም ርካሽ ቅጂዎች ነበሩ።

ማውጣቱ ከባድ አይደለም። ፍሪ ማክቡት ያለበት ማሽን፣ አንድ ፍላሽ፣ ዩላውንች ኤልፍ የሚባለው የፋይል መክፈቻ፤ የካርዱን ማኅደር መርጦ ወደ ፍላሹ መቅዳት ነው። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ ለአዲሱ ማሽን ቱርጁማን ወደሚገባው የካርድ ቅርጽ ይቀየራል። አንድ መሰናክል አለ፤ ጨዋታው የሚያውቀው የራሱን ቅጂ ካርድ ብቻ ነው። በአውሮፓው ቅጂ የተቀመጠውን የአሜሪካው አያየውም፤ የማኅደሩ ስም መጀመሪያ ላይ ያለው ኮድ ከዲስኩ ኮድ ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሰው «ካርዱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

የእኛን ካርድ ባለቤቱ አልጣለውም ነበር። ጌም ቤቱን ከዘጋ ቆይቷል፤ ካርዱ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወረቀት ያለበት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ፖስታ ቤቱ ጌም ቤት ሄጄ የተቀመጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ እዚያ የተጫነው ፔስ 6 የሌላ ክፍለ ዓለም ቅጂ ነበር። ወጣቱ ባለቤት ሀርድ ዲስኩን ፈትሾ የእኛን ኮድ የያዘውን አገኘና ጫነው። ከዚያ ነው መብራት የሄደው። ሩብ ሰዓቱን ጠብቄ፣ ጥግ ላይ ካሉት ሁለት ልጆች ኋላ ቆሜ ነበር። ጨዋታው ተነሣ፤ ካርዱን እያነበበ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ መጣ፤ አንደኛው ልጅ የቡድኖቹን ዝርዝር ወደታች እየሳበ ሄደና ቆመ።

«ይሄ አዳማ ከተማ ከየት መጣ?» አለ።

ጓደኛው ጆይስቲኩን ተቀብሎት ቡድኑን መረጠ።